ጠጠር ነው ያልኳት ዕለት

እናቴ አያልነሽ ናይሮቢ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከእኔ ጋር፣ ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው። እኔ ጭነት በሚያስተላልፍ ድርጅት ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ወጥቼ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። እሷ ደሴ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረች ሴት ናት፤ ጡረታ ወጥታም ማስተማሩን አልተወችም። የሕንጻችን የሐበሻ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናችን ተሰብስበው ፊደል ይቆጥራሉ። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ስዋሂሊም ገበያ ላይ ዋጋ ከመጠየቅ አያልፍላትም። ስለዚህ ባንክ ስትሄድ፣ ኢሚግሬሽን ስትሄድ፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ ጆሮዋም አንደበቷም እኔ ነኝ።

የሌላ ሰው ጆሮ መሆን ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። እንዳልሆነ ያወቅሁት በእናቴ ሕይወት ከተጫወትኩ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈውም የእኔን ስሕተት ሌላ ልጅ እንዳይደግመው ብዬ ነው።

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ቀኝ ጎኗን ያማት ጀመር። ሽንቷ ቀላ፤ "ቀይ ሥር በልቼ ነው" አለች። ቀይ ሥር ባልበላችበት ሳምንትም ሲደገም ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት። ደም ሰጠች፣ ሲቲ ስካን ተነሳች። ውጤቱን ልንሰማ ከምንሄድበት ቀን በፊት የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዘርይሁን ደወለልኝ። ፓርክላንድስ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን ትልቅ ሰው እሱ ነው።

"ፍቅርተ፣ ክፉ ነገር ከሆነ አደራሽን እንዳትነግሪያት" አለኝ።

"ጋሼ፣ ሐኪሟ ብትነግራትስ?"

"ሐኪሟ የምትናገረው በእንግሊዝኛ ነው። አያል የምትሰማው አንቺ ያልሻትን ነው።"

በማግስቱ ዶክተር ንዱኩ ፊት ተቀመጥን። ኩላሊት ቀዶ የምታክም፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ስትናገር የምታየው እኔን ሳይሆን እናቴን ነበር። በቀኙ ኩላሊት ላይ "ቱመር" ብላ የጠራችው ትልቅ ካንሰር እንዳለ፣ ኩላሊቱን አልፎ በዙሪያው ወዳለው ስብ መግባቱን ተናገረች። ክፋቱ እዚያ አላበቃም። የግራው ኩላሊት ለብዙ ዓመት በቆየባት የደም ግፊት ኮስምኗል፤ የሚሠራው ጥቂት ነው። እናቴን ተሸክሞ ያለው ያው የታመመው ኩላሊት ነው። እሱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ቀሪ ዘመኗን በማሽን እጥበት ትኖራለች።

"ስለዚህ ዕጢውን ቆርጠን ጤነኛውን ክፍል ለማትረፍ እንሞክራለን" አለች ዶክተር ንዱኩ። "እስከዚያ ድረስ ያለውን የኩላሊት አቅም መጠበቅ የእሷም ሥራ ነው። ዲክሎፌናክ፣ ብሩፌን፣ እንዲህ ያሉ ማስታገሻዎችን በፍጹም እንዳትወስድ፤ ኩላሊት ይጎዳሉ። ምንነቱ ያልታወቀ የባሕል መድኃኒትም እንዳትጠጣ። ሲያማት የምትወስደውን እኔ አዝላታለሁ። አሁን ንገሪያት።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ምን አለች?"

አፌ ደረቀ። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተማሪ እንደምትሰማ ትጠብቀኛለች። ካንሰር የሚለውን ቃል ላወጣው አልቻልኩም።

"ጠጠር ነው" አልኳት። "በኦፕራሲዮን ይወጣል።"

ትከሻዋ ሲላላ አየሁ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለች። ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች። "ዲክሎፌናክ ስትል ሰምቻለሁ። እሱንስ ምን አለች?"

ኩላሊት ይጎዳል ብላት፣ ለጠጠር ይህን ያህል ለምን ተጨነቀች ማለቷ አይቀርም። አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየጎተተ እውነቱ ላይ ያደርሳታል ብዬ ፈራሁ።

"ጨጓራ ይልጣል፤ አታብዢው ነው ያለችው" አልኳት።

ዶክተር ንዱኩ የእናቴን እፎይታ አይታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ገብቷታል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ገብቷታል፤ ጠንካራ ሴት ናት" አልኩ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ከስድስት ሳምንት በኋላ ተቆረጠ። መሐል ላይ ተጠርተን የስምምነት ፎርም ፈረመች። በዚያ በአስተማሪ እጇ፣ ስሟን ከነአባቷ አሳምራ በአማርኛ ጻፈች። እኔ ከጎኗ ቆሜ ነበር። ወረቀቱ ላይ የሚያስፈራው ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ ነበር፤ "ለጠጠሩ ነው" አልኳት፤ ፈረመች።

እነዚያ ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። ቢሮ ተቀምጬ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። ቤት ስገባ በሩን ከመክፈቴ በፊት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ፊቴን አስተካክላለሁ። እሷ ግን ደህና ናት። ልጆቹን ታስተምራለች፣ ከጎረቤት ትጫወታለች፤ ጠጠር እንደሆነም ለሁሉም አውርታለች። ጽጌ የምትባል፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር ደግ ጎረቤት አለችን። እሷም በቅንነት ከዘመዶቿ የተላከ የተፈጨ ሥር አመጣችላት። ጠጠር ያሟሟል የተባለ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት እያፈላች ትጠጣው ጀመር። ሳየው ደነገጥኩ። "ተይው" ብላት ምክንያት መስጠት ሊኖርብኝ ነው። ዝም አልኩ። አንድ ውሸት ለብቻው አያድርም፤ ዝምታን ያስከትላል፤ ዝምታውም እንደ ውሸቱ ይገድላል።

ቀዶ ሕክምናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ለደም ምርመራ ሄድን። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ንዱኩ ራሷ ጠራችን። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶ አንድ ቁጥር አሳየችኝ።

"ክሬያቲኒን ይባላል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ነገር ነው። ባለፈው ከነበረው እጥፍ ሆኗል። ምን እየወሰደች ነው?"

"ምንም" አልኩ።

"ጠይቂያት።"

ጠየቅኳት። እናቴ ቦርሳዋን ከፍታ ያላትን ሁሉ አውጥታ ደረደረች። የግፊት መድኃኒቷ፣ ዶክተሯ ያዘዘችላት ማስታገሻ። የጽጌ ሥር፣ በፌስታል የተቋጠረ። ከእነሱ አጠገብ ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት የገዛቻቸው ሦስት የዲክሎፌናክ ኪኒን ማሸጊያዎች፣ ሁለቱ ባዶ። ጎኗ ሲብስባትና የታዘዘላት ሳይበቃት ሲቀር በቀን ሦስት ጊዜ ትወስድ ነበር።

"ንገሪያት" አለችኝ ኮራ ብላ። "በባዶ ሆዴ ወስጄ አላውቅም። ጨጓራዬን እንዳይነካብኝ ሁልጊዜ ከምግብ በኋላ፣ በወተት ነው የምወስደው።"

መተርጎም አቃተኝ። ዶክተር ንዱኩ ኪኒኖቹን አየች፤ እናቴን አየች፤ ከዚያ ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች።

"አልነገርሻትም" አለች።

የዲክሎፌናኩን ማሸጊያዎች ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

"ካንሰር መሆኑንም አታውቅም።"

እናቴ ቃሉን ለየችው። ካንሰር በየትኛውም ቋንቋ ካንሰር ነው። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲያልፍ አየሁ፤ ነገር ግን ስለ ሌላ ሰው የተወራ መስሏት ይሁን፣ እንዲሆንላት ፈልጋ ይሁን፣ ምንም አልጠየቀችም።

ዶክተር ንዱኩ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ይህ ፊርማ የእናትሽ አይደለም፤ የፈረመችው ለሌላ በሽታ ነው። ለምን እንደምትቆረጥ የማታውቅን ሰው አልቆርጥም። ደግሞም በዚህ ደም ብገባ ኩላሊቱን አጠፋዋለሁ። ቀዶ ሕክምናው ተሰርዟል። እስከ ሰኞ ካልነገርሻት ሌላ አስተርጓሚ አመጣለሁ" አለች።

ለእናቴ "ደምሽ ጥሩ አይደለም፤ ቀኑ ተራዝሟል፤ ኪኒኑንና ሥሩን ዛሬውኑ አቁሚ" ብዬ ቤት አደረስኳትና በቀጥታ ፓርክላንድስ ሄድኩ። ጋሼ ዘርይሁን ሱቁ ውስጥ የፍሬን ሸራ እየቆጠረ ነበር። የሆነውን ስነግረው በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

"ሌላ ሐኪም እንፈልግ" አለ።

"ጋሼ፣ ኪኒኑን ያስበላናት እኛ ነን። ብታውቅ ኖሮ አትነካውም ነበር።"

"ሚዛንን ረሳሽው?" አለኝ። ሚዛን የእማዬና የእሱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ደሴ ላይ በጉበት ካንሰር የሞተ። "ሐኪሙ ፊት ለፊት ነገረው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በሃያ ቀኑ ሞተ። ሰው በበሽታው አይሞትም ልጄ፤ በስሙ ነው የሚሞተው።"

ጋሼን ክፉ ሰው አድርጌ እንዳቀርበው አትጠብቁኝ። እሱም እንደ እኔ ፈርቶ ነው። በየቤታችን መርዶን ከታማሚ የምንደብቀው ስለምንወደው ነው። ማሸጊያዎቹ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኳቸው።

"ሚዛን ባያውቅም ይሞት ነበር፤ በሽታው አልፎ ነበር" አልኩት። "እማዬ ግን ገና የምታተርፈው ነገር አላት። ሳታውቅ በገዛ እጇ እያጠፋችው ነው።"

ጋሼ ባዶዎቹን ማሸጊያዎች ሲያገላብጥ ቆየ። "እኔ አልችልም፤ አንቺው ንገሪያት" አለ በመጨረሻ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ፊደል ቆጥረው እንደወጡ ነገርኳት። ሰሌዳውን እየጠረገች ነበር። ከላያችን አውሮፕላን ስላለፈ መስኮቱ ነዘረ፤ እስኪያልፍ ጠበቅኩ፤ ካለፈም በኋላ ጠበቅኩ።

"እማዬ፣ ጠጠር የለሽም" አልኳት። "ካንሰር ነው።"

መጥረጊያውን እንደያዘች ቁጭ አለች። ቀኙንም ግራውንም፣ ስለ ኪኒኑም፣ ዶክተሯ ያለችውን አንድ በአንድ ነገርኳት።

"ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው?"

"ሠላሳ ስምንት።"

"ኪኒኑ ኩላሊቴን እንደሚጎዳ ያን ቀን ነግራሻለች?"

"አዎ።"

"ወተት እየጠጣሁ" አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ተነስታ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋች። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ከሰዓቱን ሙሉ ሰማሁ፤ ታለቅሳለች፣ ትጸልያለች፣ ታቆማለች፣ እንደገና ታለቅሳለች። ጋሼ ያለው ደረሰ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች ብዬ አሰብኩ። ምሳዋ በሩ ሥር ባስቀመጥኩበት ቀዘቀዘ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ወጣች። ዓይኖቿ አብጠዋል። የአንዱን ተማሪ ደብተር ይዛ፣ ባዶ ገጽ ገልጣ ፊቴ ተቀመጠች።

"በጣም ፈርቻለሁ" አለች። "ግን ፍርሃቱ የራሴ ነው፤ ልትወስጂብኝ አይገባም ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ አስተምሬ፣ አባትሽን ቀብሬ፣ አንድ ቃል መሸከም ያቅታታል ብለሽ ገመትሽኝ።"

"ይቅር በይኝ።"

"እሱን በኋላ። አሁን ዶክተሯ ያለችውን ከመጀመሪያው ጀምረሽ ድገሚልኝ፤ እጽፋለሁ።"

ሰኞ ዶክተር ንዱኩ ፊት ስንቀርብ ደብተሩ እጇ ላይ ነበር። ኩላሊቴን በቀዶ ሕክምናው ጊዜ እንዴት ነው የምትጠብቂው ብላ ጠየቀች። እኔ ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዶክተሯ ወረቀት ላይ ሥላ አስረዳች። ካንሰሩን ሲቆርጡ ደም እንዳይፈስ ወደ ኩላሊቱ የሚገባውን የደም ሥር ለጥቂት ጊዜ ይይዙታል። ኩላሊት ያለ ደም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ዙሪያውን በበረዶ ያቀዘቅዙታል፤ የቀዘቀዘ ኩላሊት ጥሙን ይታገሣል። ግፊቷ እንዳይወርድ፣ ፈሳሽ እንዳያጥራት ሌላ ሐኪም ይከታተላል።

"ስንት ደቂቃ?" አለች እናቴ።

"ከሠላሳ እንዳያልፍ እንጥራለን።"

ሠላሳ ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም አሰመረችበት።

ኪኒኑ ከቆመ በኋላ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤ ወደ ነበረበት ግን አልተመለሰም። አምስት ሳምንት ጠበቅን። በአምስተኛው ሳምንት ድጋሚ የተነሳው ስካን ካንሰሩ ገፍቶ፣ ሊተርፍ የሚችለው ክፍል እንደጠበበ አሳየ። ዶክተር ንዱኩ ግማሹን ተስፋ አድርጋ ነበር፤ አሁን ሲሶው ከተረፈ ጥሩ ነው አለች። ያ ልዩነት የእኔ ሥራ ነው። ማንም ፊት ለፊት አላለኝም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ጋሼ ዘርይሁንና እኔ ኮሪደሩ ላይ አምስት ሰዓት ቆየን። ከመግባቷ በፊት ጋሼ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ "አያል፣ እኔ ነኝ ያስደበቅኩብሽ" አላት። "አውቃለሁ ጋሼ" አለችው፤ "ፍቅርተ ብቻዋን ይህን ያህል ደፋር ውሸታም አይደለችም።" ሲስቁ ሰማሁ። ወዲያው ሁለቱም አለቀሱ።

ዶክተር ንዱኩ ስትወጣ ጭንብሏን አውርዳ፣ "ሃያ ስድስት ደቂቃ" አለች። "የሚታየው ካንሰር ወጥቷል። ሲሶ ያህል ኩላሊት ቀርቷል። መሥራት አለመሥራቱን የምናውቀው በሽንቷ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ስጽፈው እንኳ ይከብደኛል። አልጋው ጎን የተንጠለጠለ የሽንት ከረጢት አለ። ዓይናችን እሱ ላይ ዋለ። በመጀመሪያው ቀን ከታች ትንሽ ጠቆር ያለ ነገር ነበረበት፤ በሁለተኛው ቀን ደረቀ። እግሯ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ። ነርሷ ከረጢቱን አንስታ አይታ፣ "ፖሌ ማማ" ብላ እጇን ዳሰሰቻት፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። እናቴ እኔን እያየች ዓይኖቿ ይጠይቁኛል። ያን ጊዜ "ደህና ነሽ" ማለት ምን ያህል እንዳጓጓኝ አልረሳውም።

"ኩላሊቱ አልነቃም፤ ነገ ለእጥበት ይወስዱሻል። ለጊዜው ይሁን ለዘለቄታው ገና አያውቁም" አልኳት።

ዓይኖቿን ጨፈነች። እጄን ግን አለቀቀችውም።

ሦስት ጊዜ በማሽን ታጠበች። ቱቦው ውስጥ ደሟ ሲዞር እያየሁ፣ እነዚያን ኪኒኖች አንድ በአንድ ቆጥሬአቸዋለሁ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ከሆስፒታል ደወለልኝ። ቢሮ ነበርኩ፤ ለማንሳት ፈራሁ። ሳነሳው መናገር አቅቶት ይተነፍሳል። "ከረጢቱ" አለ፤ "ከረጢቱ ውስጥ ገብቷል። ሁለት ጣት ያህል።" አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ስለ ሽንት እያወራ ሲያለቅስ ስሰማ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ተደፋሁ።

ከእጥበት ተላቀቀች። ሆኖም እንደ ድሮዋ አይደለችም። ጨው ትለካለች፣ ሥጋ ትቀንሳለች፣ ቶሎ ይደክማታል። የቀረው ኩላሊት ከሚገባው በታች ነው የሚሠራው፤ ዶክተሯ እንዳለችው አንድ ከባድ ተቅማጥ ወይም አንድ ፍሬ ያልተፈቀደ ኪኒን መልሶ ማሽኑ ላይ ሊያስተኛት ይችላል። ጋሼ ዘርይሁን ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሰው ታመመ ሲባል አስቀድሞ የሚጠይቀው "ራሱ ያውቃል ወይ?" ብሎ ነው። አያውቅም ካሉት ቁጭ አድርጎ የእህቱን ነገር ይነግራቸዋል።

እኔም ይህን እላችኋለሁ። በሰው አገር ለወላጅ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለዘመድ የምታስተረጉሙ ሁሉ፣ ሐኪሙ ያለውን ሳትቀንሱ አድርሱ። በሽታውን ያላወቀ ሰው ራሱን ከምን እንደሚጠብቅ አያውቅም። ለጎን ሕመም ከመድኃኒት ቤት የምትገዛ ኪኒን ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለደከመ ኩላሊት ግን ትንሽ አይደለችም። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ሥሩንም ቅጠሉንም፣ ለሐኪማችሁ አሳዩ። ለምትወዱት ሰው ስትፈሩ ደግሞ አብራችሁት ፍሩ እንጂ ከእሱ ተደብቃችሁ አትፍሩ።

ባለፈው ወር ለክትትል ሄድን። ዶክተር ንዱኩ ስካኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። ሳንባዋ ላይ ትንሽ ነጥብ ታይታለች አለች። ካንሰሩ ይሁን ሌላ ገና አይታወቅም፤ በስድስት ሳምንት ድጋሚ ይታያል፤ ካደገች መድኃኒት ይጀመራል።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "ምን አለች?"

አፌ እንደዚያን ቀን ደረቀ። ቢሆንም ነገርኳት፤ ሳንባውንም፣ ነጥቧንም፣ አይታወቅም ያለችውንም። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ቀለሟ ገርጥቶ ነበር፤ ነጠላዋን ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። ጥቂት ቆይታ ደብተሯን ገለጠች።

"ጠይቂያት" አለችኝ። "ያ መድኃኒት ኩላሊቴን ይነካል ወይ?"